ቀላል ለማን ነው?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ የባላገር እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትሰማው «አይዞዎት እናቴ፣ ቀላል ናት» የሚል ቃል ነው። ቃሉ በቅንነት ይነገራል፤ የፈራን ሰው ማደፋፈር ራሱ የሕክምና ሥራ ነውና ነርሱን በዚህ የሚወቅሰው አይኖርም። ይሁን እንጂ «ቀላል ናት» ማለት አንድም ማጽናኛ ነው፣ አንድም ፍርድ ነው። ማጽናኛነቱን በምስጋና ተቀብዬ ፍርድነቱን መመርመር እሻለሁ። የሰው ገላ በስለት ተከፍቶ፣ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ ሲያበቃ ነገሩ ቀላል ነበር የሚያሰኘው ምንድን ነው? ቅለቱስ የሚገኘው የት ነው፤ በስለቱ ላይ ነው፣ በሠሪው እጅ ላይ ነው ወይስ በተሠራችው ሴት ገላ ላይ?

በሚፈጀው ጊዜ እንመዝነው ቢባል ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ኦፕራሲዮን አራት ሰዓት ከሚፈጀው ይቀላል ማለት ነው። ነገር ግን ያ ጊዜ የሠሪው ጊዜ ነው። የተሠራችው ሴት ሩብ ሰዓት ከተኛችበት አልጋ ተነሥታ፣ እዚያ የሆነውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች። በሠሪው ልምድ እንመዝነው ቢባልም ነገሩ ያው ነው፤ ሺህ ጊዜ የሠራው ሰው ሥራው ቀለለው እንጂ ሥራው ራሱ አልቀለለም፤ ለሺህ አንደኛዋ ሴት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ልማድ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው አንደኛው ወገን ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሥራ ላይ ሳሉ አንዱ የለመደውን ሲደግም ሌላዋ ከዚህ በፊት ገጥሟት የማያውቀው ነገር ይገጥማታል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚሻለው መመዘኛ የጉዳቱ ዕድል ነው፤ ከመቶ ስንቱ ይጎዳል ብሎ መጠየቅ። ይህ መመዘኛ እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ስለ መቶ ሰው ነው፤ አንዲት ሴት ደግሞ መቶ ሰው አይደለችም።

ሐሳቡ ከመሬት እንዳይርቅ የምዕራብ ጎጃም ገጠር አብዝቶ የሚያውቀውን ቀዶ ሕክምና ልያዝ። ትራኮማ በልጅነት ይጀምራል። የውኃ እጥረት፣ ያልታጠበ ፊት፣ ዝንብና በአንዲት ጎጆ መተፋፈግ እያመላለሱ የሚያመጡት ኢንፌክሽን የዐይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ ደጋግሞ ያቆስላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከመቶ 62 የሚበልጡት ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ልጅ ያዘሉ ናቸው። ሕፃናትን ስታቅፍና ስትንከባከብ ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባት እናት ስለሆነች፣ የሽፋሽፍት መቀልበስ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበረታል። መፍትሔው ቆቡን ቆርጦ ወደ ውጭ መልሶ መስፋት ነው። የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ ማደንዘዣው ቆቡ ላይ ይወጋል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ዐይኑ በፋሻ ይሸፈናል፣ ሴትዮዋም በዚያው ቀን ወደ አገሯ ትመለሳለች። ይህ ሥራ የስንቱን ዐይን ከመጥፋት እንዳዳነ የሚያውቅ ሰው ክፉ አይናገርበትም፤ እኔም አልናገርበትም። ጥያቄዬን የማነሣው በመልካም ሥራ ላይ ነው። መጥፎ ሥራን ሁሉም ይጠይቀዋል፤ መልካም ሥራ ግን መልካምነቱ ራሱ ከጥያቄ ይከልለዋል።

በ2006 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ግንቦት በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው 1,000 ሰዎች ተመራማሪው እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በሚያካሂዱት ጥናት ውስጥ ገቡ። ቆቡን ለመመለስ ሁለት የታወቁ ስልቶች አሉ። አንደኛው ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጠኛው ሽፋን ዘልቆ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ቆዳውን ሳይቆርጥ ውስጠኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይመልሳል። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት የተሠራባቸው፣ ሁለቱም በባለሙያ ዘንድ ተቀባይነት ያላቸው፣ ሁለቱም ለበሽተኛዋ «ቀላል ናት» የተባለላቸው ናቸው። በዕጣ ግማሹ ሰው በአንደኛው፣ ግማሹ በሁለተኛው ተሠራ። ዓመት ሲሞላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ብሌን የነካባቸው በመጀመሪያው ስልት ከመቶ 22፣ በሁለተኛው ከመቶ 13 ሆነው ተገኙ።

በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤአለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 9 ሰው ነው። እነዚህ 9 ሰዎች ጥናቱ ከመደረጉ በፊትም ነበሩ፤ በየዓመቱ፣ በየጤና ጣቢያው፣ ከየመቶው ውስጥ ነበሩ፤ የሚያያቸው ግን አልነበረም። የደበቃቸው ሰውም አልነበረም። ቆቡ በተሰፋበት ቀን በሁለቱም ስልት የተሠሩት ሴቶች ዐይን ያማረ ሆኖ ይታያል፤ ሠሪው እውነቱን ነው ጥሩ ሠራሁ የሚለው፤ ተሠሪዋም እውነቷን ነው የምታመሰግነው። ልዩነቱን ለማየት ሺህ ሰው ቆጥሮ ዓመት መጠበቅ አስፈለገ። እንግዲህ የተሰወረ አደጋ ስንል ሁልጊዜ አንድ ሰዋሪ አለ ብለን ማሰባችን ስሕተት ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰንፍ፣ ከአንድ ሰው እይታና ከአንድ ቀን ስፋት በላይ በመሆኑ ብቻ የሚሰወር ነገር አለ።

ይሁንና ቁጥሩ ለሴትዮዋ ምን ይነግራታል? ለእርሷ ከመቶ 22 የሚባል ነገር የለም። ሽፋሽፍቷ ወይ ይመለሳል ወይ አይመለስም፤ ከመቶ 22 ያህል አይመለስባትም። ከተመለሰባት ሙሉ በሙሉ ተመለሰባት፤ «ሰባ ስምንቱ ድነዋል» ብሎ ለእርሷ መንገር የሌላን ሰው ጤና ለእርሷ ቁስል መቀባት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከንቱ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ከንቱ አልለውም፤ አድራሻው ተሳስቷል እላለሁ። መቶውን ሰው በሕይወቱ የሚያገኘው ማን ነው? በሽተኛዋ አይደለችም፤ ሠሪው ነው። ከመቶ 22 የሚለው ቁጥር በእውነት የሚፈጸመው በአንድ ሰው እጅ ላይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ፣ በአንድ ወረዳ ላይ ነው። ዕድል የሚባለው ነገር ለእርሷ ዕጣ ሲሆን ለሠሪው ግን ዕጣ አይደለም፤ ደጋግሞ ሲሠራ እንደሚደርስ የሚያውቀው ነገር ነው። ያንዲቱ ሴት ጉዳት ለማንም የማይታወቅ ሳለ የጉዳቱ ብዛት ግን አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ከሁለቱ ስልቶች የትኛው ይሁን፣ የሠሪው እጅ ምን ያህል ይፈተሽ፣ ማን ማንን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄ የኃላፊነት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይም የሽፋሽፍቱ መመለስ ከሠሪ ሠሪ እጅግ እንደሚለያይ የታወቀ በመሆኑ።

አደጋው በቁጥር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይሰወራል። በ2010 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ ከ11,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገን ቀዶ ሕክምና ተከታትሏል። በሽተኞቹ ከሌላው ዓለም በሽተኞች በዕድሜ ያነሱ፣ ሕመማቸውም የቀለለ ሆኖ ሳለ የሞቱት ግን በዓለም ካለው አማካይ እጥፍ ነበሩ። ከሟቾቹም ከመቶ 95ቱ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ፍርሃታችን ሁሉ ወደተሳሳተ አቅጣጫ እንደሚመለከት ያሳያል። እኛ የምንፈራው ስለቱን ነው፤ ቤተ ዘመድ በር ላይ ቆሞ የሚጸልየው ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ ነው፤ «በሰላም ወጣች» ሲባል እልል ብሎ ይበተናል። ሞት የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ፣ ቁስሉን የሚያይ፣ ደሟን የሚለካ፣ ትንፋሿን የሚያዳምጥ ሰው በሌለበት ሌሊት ነው።

የዐይን ቆብ ኦፕራሲዮን የሚገድል አይደለም፤ ጉዳቱ የሚሰወርበት መንገድ ግን ያው ነው። በዘመቻ ሲሠራ ስንት ሰው እንደተሠራ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይነገራል። ከተሠሩት ውስጥ የስንቱ ሽፋሽፍት እንደተመለሰ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ትጋት አይነገርም። የሰከላዋ ወይም የቋሪቷ ሴት ከስምንት ወር በኋላ ዐይኗ ሲቆረቁራት ልጇን ጠርታ ወረንጦ ታስይዛታለች፤ ልጂቱ ፀጉሩን አንድ በአንድ ትነቅላለች፤ ነገሩ በማጀት ይቀራል። በመዝገቡ ላይ ያች ሴት የዳነች ናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ልመለስ ብትልም የምትመለስበት መንገድ ይጠፋል። መዝገብ ሐሰት ሳይጽፍ ሊያሳስት ይችላል፤ የሚጽፈው ሁሉ እውነት ሆኖ መጻፉን የሚያቆምበት ቀን ግን ከእውነቱ በፊት ከሆነ።

ይህን ስል የባህሉን ስለት ለማመስገን አይደለም። በአገራችን እንጥል ማስቆረጥ ከማንኛውም የሆስፒታል ቀዶ ሕክምና በላይ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ያልተወው ቤት አለ። ጉዳቱን የሚያነሣ ሰው ሲገኝ የሚሰጠው መልስ «እኔም ልጅ ሆኜ ተቆርጫለሁ፣ ምን ሆንሁ?» የሚል ነው። መልሱ ጠንካራ ይመስላል፤ ከገዛ ሕይወት የመጣ ምስክርነት ነውና። ግን ይህን ምስክርነት ሊሰጥ የሚችለው የተረፈው ብቻ ነው። ደም ፈሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ የሞተው ሕፃን «እኔስ ሞቻለሁ» ብሎ ከሸንጎው አይቆምም። ልማድ ምስክሮቹን የሚሰበስበው ከተረፉት መካከል ስለሆነ ሁልጊዜ ይረታል። የተለመደ ነገር ሁሉ ደኅና መስሎ የሚታየን፣ እኔ እንደምገምተው፣ በዚህ የተነሣ ነው፤ የመንደሩ ወጌሻም የሆስፒታሉ ባለሙያም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የሆስፒታሉ ባለሙያ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ያልተረፉትን ፈልጎ የመቁጠር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ያን ግዴታ ከተወ ከወጌሻው የሚለየው ማደንዘዣው ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልማድን ያለ አግባብ እንዳልከስ እፈራለሁ። እጅ የሚሰላው በመደጋገም ነው፤ ዛሬ በዐይኔ ላይ ስለት የሚያሳርፍ ሰው ትናንትም ከትናንት በስቲያም ያንኑ የሠራ ቢሆን እመርጣለሁ። ቢሆንም እጅን የሚያሰላው መደጋገም ልብን ያስተኛል። ለብዙ ዘመን ያረሰ ገበሬ ዐሳቡ ገበያ ውሎ ሞፈሩ ትልሙን እንደማይስት ሁሉ፣ የለመደ እጅም ያለ ባለቤቱ ይሠራል፤ ድንጋይ እስኪመታ ድረስ። በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የአውሮፕላን አብራሪው የማርቲን ብሮሚሊ ባለቤት ለተለመደ የሳይነስ ኦፕራሲዮን ገብታ ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የአየር ቧንቧዋ ተዘጋ። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ዘመን የሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። ነርሶቹ አደጋው ገብቷቸው ጉሮሮ ተከፍቶ አየር የሚሰጥበትን መሣሪያ አምጥተው ነበር። ሐኪሞቹ ግን የለመዱትን ደጋግመው በመሞከር ላይ ስለነበሩ ጊዜው አለፈ፤ ሴትዮዋ ከቀናት በኋላ ሞተች። በዚያ ክፍል መሣሪያም እውቀትም አልጎደለም። የጎደለው የበታቹ ያየውን ለበላዩ አስረግጦ የሚናገርበት፣ የበላዩም ቆም ብሎ የሚሰማበት ሥርዓት ነው። የታላቅን ቃል ማቋረጥ ነውር በሆነበት በእኛ አገር ይህ ታሪክ ይበልጥ ሊያስደነግጠን ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ 19 ነጥቦች አሉት። የበሽተኛው ስም ማን ነው፣ የሚሠራው የትኛው ጎን ነው፣ መሣሪያውና ጨርቁ ተቆጥሯል ወይ የሚሉ፣ ማንም ተማሪ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። በስምንት ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። ለሊቅ የሕፃን ጥያቄ መጠየቁ እንዴት ይህን ያህል ነፍስ ያድናል? እኔ የሚገባኝ፣ መጠይቁ የሚያስተምረው አዲስ ነገር ኖሮ ሳይሆን የለመደውን ሰው ለአንዲት ደቂቃ ያልለመደ ስለሚያደርገው ነው። ጮክ ብሎ ስሟን ሲጠራ ሺህ አንደኛዋ መሆኗ ይቀርና አንዲት ትሆናለች።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥርጣሬ ይመጣል። አደጋው ይነገራት ወይ? ይነገራት ቢባል ልትፈራ ትችላለች፤ ከፈራች ትቀራለች፤ ከቀረች ትታወራለች። በምዕራብ ጎጃም ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ሰዎች ላለመሠራት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ፍርሃት ነው። ስለዚህ «ቀላል ናት» የሚለው ነርስ ዐይን እያዳነ ነው ማለት ይቻላል፤ እውነትን ሳይጨርስ ተናግሮ ዐይን ማዳን ይሻላል ወይስ እውነቱን ጨርሶ ዐይን ማጣት? ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ መልሱ የተቆረጠ ይመስላል። አቀራረቡ ግን አንድ ነገር ይዘላል፤ ሴትዮዋ ብቻዋን የምትኖር አለመሆኗን። ጎረቤቷ አይታታለች። «ቀላል ናት፣ ትድኚያለሽ» የተባለች ሴት ዓመት ሳይሞላ ወረንጦ ስትይዝ መንደሩ የሚማረው ኦፕራሲዮን እንደማያድን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሴቶች በእውነቱ የተነሣ አልቀሩም፤ ባልተነገረው እውነት የተነሣ ቀሩ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሽፋሽፍቷ የተመለሰባት ሴት ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች። ቀላል ነው የተባለ ነገር ከከሸፈ ያከሸፈችው እርሷ መሆን አለባትና። ፋሻውን ቶሎ ፈትቼው ይሆናል፣ ጭስ አይቼ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ምች መቶኝ ይሆናል ትላለች። ወይም «እግዜር ያመጣው ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ይህን የመጨረሻውን ቃል የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ወዲያው ልንቀው አልችልም። ባላገሩ ሊዘራም ሊነግድም ሲነሣ «እግዜር ካለ» ይላል፤ ነገ በእጁ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በዚህ ረገድ «ቀላል ናት» ከሚለው ባለሙያ ይልቅ ስለ ቀዶ ሕክምና እውነተኛውን ነገር የሚያውቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከሥራው በፊት ሲነገር ትሕትና የሆነውን ያህል ከሥራው በኋላ ሲነገር ሒሳብ መዝጊያ ይሆናል። የስፌቱ ክር የላላው፣ ስለቱ ያጠረው፣ ስልቱ ያልተመረጠው፣ ተመልሶ የሚያይ ሰው ያልተላከው ሁሉ በእግዜር ስም ይከደናል። ሴትዮዋ ቃሉን በእምነት ትናገረዋለች፤ እኛ ግን በእርሷ እምነት ጥላ ሥር ልናርፍ አይገባንም።

ስለዚህ ይነገራት እላለሁ፤ አነጋገሩም አስቸጋሪ አይደለም። «እናቴ፣ ይህ ኦፕራሲዮን ካልተሠራ ዐይንዎ ሊጠፋ ይችላል። ከተሠራ አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ይቀለበሳል፤ ከተቀለበሰ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ይምጡና እናየዋለን።» በዚህ ቃል ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ የሚያስቀር ግን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አደጋውን ከመመለሻው ጋር ይነግራታልና። በፈቃድ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን ስታሳርፍ የምትፈቅደው ይህንኑ ሊሆን ይገባል። «እናየዋለን» የተባለው ደግሞ እውነት እንዲሆን የሚያይ ሰው መኖር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የተሠራ ሰው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እንዲታይ ይመክራል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተሠሩትን ሴቶች ቤት ያውቁታል፤ የተመለሰው ሽፋሽፍት ቁጥርም ከተሠራው ቁጥር ጎን በአንድ ሪፖርት ይጻፍ።

ይህን የምታነቡ፣ ጃቢ ጠህናን ወይም ወምበርማ፣ ደንበጫ ወይም ቡሬ ዙሪያ እናት ወይም አያት ያላችሁ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ዐይኗን በብርሃን ተመልከቱላት። «ተሠርቻለሁ» ብትላችሁም ተመልከቱ። ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ከነካ፣ ወይም ወረንጦ ከትራስጌዋ ካገኛችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በዘገየ ቁጥርም የማይመለሰው የብሌን ጠባሳ ይበዛል።